ከ18 ዓመት በኋላ ወደ ዳርት ሰሌዳው
(የድሬዳዋ ጉዞ ማስታወሻ)



የጉዞ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስለ አገሩ ውበትና ስለ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት ይናገራል። እኔም ከዚህ ጥቂቱን እላለሁ። ነገር ግን የእኔ ጉዞ ዕዳ ለመክፈል የተደረገ ጉዞ ነበር። ዕዳው ሁለት መቶ ብር ነው። ተበድሬው አይደለም፤ በጨዋታ ላይ አታልዬ የወሰድኩት ነው። ጨዋታው ዳርት ነበር። ከዚያች ቀን በኋላም ለ18 ዓመታት ዳርት በእጄ አልያዝኩም።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ረመዷን ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ተዘጋ። አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና እናቴ ከድሬዳዋ ደውላ፣ «ረመዷን ሳይገባ መጥተህ የአባትህን ሳጥን ክፈት፤ ለሰው የሚሰጠውን ለሰው እንስጥ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ትዝ ያለኝ ሳጥኑ ሳይሆን ያ የቆየ ዕዳ ነው። የሌላ ሰው ሐቅ በአንገቱ ይዞ ስንተኛ ረመዷኑን እንደሚጾም ራሱን ያልጠየቀ ሰው ካለ የታደለ ነው።

ከመነሣቴ በፊት በሠፈራችን መስጊድ የሚያስተምሩ አንድ ኡስታዝ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን አስረዳሁ። «ውርርዱ ራሱ ሐራም ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ አታለልክ። ልጁን ፈልገህ ገንዘቡን መልስ፣ ይቅርታም ጠይቅ» አሉኝ። መልሱ አጭር ነበር፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው።

ቁልቁል ወደ ድሬ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የተነሣው ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው። አዋሽን ተሻግረን፣ ሚኤሶን አልፈን ጭሮ ላይ ምሳ በላን። ከዚያ መንገዱ በተራሮቹ ወገብ እየተጠማዘዘ ሂርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን ያልፋል። ደንገጎ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ከደንገጎ በታች ያለው ቁልቁለት ለድሬ ልጅ ልዩ ነገር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። መጀመሪያ ተሳፋሪው ካፖርቱን ያወልቃል፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፍታል፣ በመጨረሻም ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ይጀምራል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ተጨማሪ 15 ዓመታት ወስዷል። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የድሬ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ድረስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መካከል የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ያደርጋሉ። አሁን አሮጌው ጣቢያ ጸጥ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማዋ ውጪ ባለ ጣቢያ ነው የሚቆመው። ከዚራ ግን ያው ከዚራ ነው፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የዛፍ ጥላ፣ በጥላው ሥር የተደረደሩ ባጃጆች። ደቻቱን ተሻግረው መጋላ ሲገቡ ደግሞ የቅመሙና የፈጢራው ሽታ፣ የከፊራ ገበያ ቅስት በሮችና የነጋዴው ጩኸት ይቀበልዎታል።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመሎች ይሻገሩበታል። ዝናቡ በደጋው ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብም አፈናቅሏል። አላህ ይዘንላቸው። ያንን ጎርፍ የማነሣው ታሪኬ ከእርሱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው።

የክበቡ ሰሌዳ

አባቴ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ነበረው፤ በኒም ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ረጅም በረንዳ ነው። እዚያ ዳማ፣ ከረንቦላ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ዳርት ይጫወታሉ። በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ላይ ዳርት ከእግር ኳስና ከገመድ ጉተታ ጋር አብሮ የሚካሄድ ጨዋታ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል። ጠዋት መድረሳ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ክበብ፤ የልጅነቴ ቀን እንዲህ ነበር የሚያልፈው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሰሌዳው ክብ ነው፤ ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ካለ መስመር ላይ ቆሞ በየተራው ሦስት ዳርት ይወረውራል። ሁለቱም ተጫዋቾች ከ501 ይነሣሉ፤ ያገኙት ነጥብ እየተቀነሰ ይሄዳል፣ ቀድሞ ዜሮ የገባ ያሸንፋል። ነገር ግን የመጨረሻዋ ዳርት የግድ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ባለው ጠባብ ቀለበት፣ ማለትም ነጥብ በእጥፍ በሚቆጠርበት «ደብል» ላይ፣ ወይም በሰሌዳው መሐል ባለው ውስጠኛ ክብ ላይ መሰካት አለባት። ቀለበቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከቀለበቱ ሽቦ ውጪ የወደቀች ዳርት ምንም አትቆጠርም።

ሰሌዳው ምን እንደሆነ ሲነገረኝ በልጅነቴ በጣም ገርሞኝ ነበር። እንጨት አይደለም፤ እኛ ገመድ የምንገምድበት ቃጫ ነው። የቃጫው ጭራ ጭራ ቆሞ በኃይል ተጠቅጥቆ ይሠራል። ዳርቷ ስትነቀል ቃጫው ተመልሶ ይገጥምና ቀዳዳው ይደፈናል። ቁጥሮቹም እንዲሁ በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። 20ን ስቶ ወደ ግራ ያዘነበለ 5፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ 1 ያገኛል። ጎበዝ ለመሆን የቸኮለ ሰው የሚቀጣበት አቀማመጥ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር የሆንኩት በከፊል በዚህ ሰሌዳ ምክንያት ይመስለኛል። መቀነስን ከደብተር ይልቅ ከአባቴ ጠመኔ ነው የተማርኩት።

አባቴ ነጥብ መዝጋቢ ነበር። ሁለት ነገር አጥብቆ ይከለክላል። አንደኛ፣ ነጥቡ ሳይጠራ ማንም ዳርቱን መንቀል የለበትም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ማስያዝ የለም። ጨዋታው በአሁኑ መልኩ ያደገው እንግሊዝ አገር፣ በአብዛኛውም በመጠጥ ቤቶች ውስጥ መሆኑን ከፋብሪካው ነባር ሠራተኞች ሰምቶ ነበርና፣ «መጠጡንና ቁማሩን እዚያው ትተን ውርወራውን ብቻ ነው የወሰድነው» ይል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ውርወራን እንዳበረታቱ፣ ውርወራን ተምሮ የተወውንም ሰው እንደወቀሱ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ መኖሩን መድረሳ ተምሬ ስነግረው ደስ አለው። በእርግጥ ሐዲሡ ለጂሃድ ዝግጅት ስለሚሆን ቀስት እንጂ ስለ ክበብ ጨዋታ አይደለም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ፈትዋ መስጠትም የእኔ ድርሻ አይደለም።

ያች ቀን

ጊዜው ጥር 1999 ዓ.ም. ነው። እኔ የ20 ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ወደ መምህራን ኮሌጅ ልሄድ ጥቂት ሳምንት ቀርቶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ መድረሳ የቀራ፣ በአንድ ሉሕ የተማርን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። የእነርሱ ቤት ደቻቱ ዳር ስለነበር ጎርፉ ግድግዳውንም ዕቃውንም ወስዶታል። ሰው ግን ተርፎላቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። እናቱ ሳምቡሳ እየጠበሰች፣ እርሱ ሸቀጥ እየተሸከመ ቤታቸውን መልሰው ለማቆም ይጥሩ ነበር።

በዳርት ከእኔና ከእርሱ የሚበልጥ ወጣት በክበቡ አልነበረም። አንድ ቀን የሠፈሩ ልጆች «የትኛችሁ ናችሁ?» እያሉ አጋፈጡን። ነገሩ ከቀልድ ተነሥቶ ወደ ገንዘብ ሄደ። ከአባቴ ተደብቀን ሁለት ሁለት መቶ ብር አስያዝን፤ ገንዘቡን ሦስተኛ ልጅ ያዘው። የእኔ ሁለት መቶ ብር አጎቴ ለመንገድ የሰጠኝ ነበር። የእርሱ ለቤቱ ቆርቆሮ ያጠራቀመው ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ብር አንዲት ፍየል ይገዛ ነበር።

እኔ 32 ቀረኝ፣ እርሱ 40። ለ32 የሚያስፈልገው ደብል 16 ነው። ሦስተኛዋን ዳርት ወረወርኩ። በዚያች ቅጽበት አባቴ የወደቀች ጠመኔ ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዳርቷ የተሰካችው ከሽቦው ውጪ ነው። በፀጉር ያህል፣ ግን ውጪ። እኔ አየሁት። ወደ ሰሌዳው ተንደርድሬ «ገባች!» ብዬ ጮህኩና ነቀልኳት። ጓደኛዬ «ቆይ! ውጪ ናት!» አለ። ልጆቹ ተንጫጩ። አባቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ሰሌዳውንም አየ፣ ምንም ሳይናገር ጠመኔውን አስቀመጠ። ቃጫው ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ ማስረጃ የለም።

አራት መቶ ብሩን ይዤ ወጣሁ። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላለኝም፤ እኔም አፍሬ ልቀርበው አልቻልኩም። በማግስቱ አባቴ ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረደው። «ለምን?» ስለው «ጥገና ያስፈልገዋል» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮሌጅ ገባሁ። በሱረቱል ማኢዳ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር ሲከለክል ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ ሸይጣን በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን ሊጥል ነው። አንቀጹን መድረሳ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙን ግን በክበቡ በረንዳ ላይ ነው የተማርኩት።

ሳጥኑ

ድሬ በደረስኩ ማግስት ከእናቴና ከእህቴ ጋር ሳጥኑን ከፈትን። ሽርጥ፣ ኮፍያ፣ የሥራ መፍቻዎች፣ ሙስሐፍ፣ የጡረታ ደብተር። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ስፈታው ሦስት የነሐስ ዳርቶች ናቸው። የእኔ ዳርቶች። ያን ዕለት ክበቡ ውስጥ ጥያቸው የወጣሁት። ክንፎቻቸው ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ ነሐሱ ግን ተወልውሏል። እናቴ «በየጊዜው ያወጣቸውና ያጸዳቸው ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም» አለች።

ኪሴ ውስጥ ፖስታ ነበር። ሁለት መቶ ብር የዛሬ 18 ዓመት ሁለት መቶ ብር ስላልሆነ፣ የዛሬዋን የፍየል ዋጋ አጠያይቄ ያንኑ ያህል ከደመወዜ አጠራቅሜ ነበር። ፖስታውንም ዳርቶቹንም ይዤ ወደ መጋላ ሄድኩ።

ጓደኛዬ የፍሪጅና የቬንትሌተር ጥገና ሱቅ አለው። ተደፍቶ ሞተር እየፈታ አገኘሁት። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝና «ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ወንበር ሳበልኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ስለ ሙቀቱና ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ እንደምሄድ አውቃለሁ።

«ያች ዳርት ውጪ ነበረች» አልኩት። «አይቻት ነበር። አውቄ ነው የነቀልኳት።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ዝም አለ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ሳኖር በእጁ መልሶ ገፋው።

«ይህን አልቀበልም» አለ። «ገንዘቤን ተቀብያለሁ።»

«ከማን?»

«ከአባትህ። አንተ ኮሌጅ እንደሄድክ ቤታችን መጣ። በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር፣ አራት ወር። ጠመኔውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ዳርቷን አይቷል፤ ገንዘብ መያዛችንን ደግሞ ከልጆቹ ሰማ። 'ለልጄ አትንገረው' አለኝ። 'እኔ ሂድ መልስ ብለው ይታዘዘኛል። ራሱ ከመጣ ግን አላህን ፈርቶ ነው የሚመጣው።'»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ምን ልበል? እግሬ ስለከዳኝ ያን ጊዜ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት። አባቴ ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ኖሯል። በየዒዱ እየመጣሁ እጁን ስሜያለሁ። አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እርሱ በሕይወት እያለ አልመጣሁለትም።

«እኔም አልተናገርኩም» አለ ጓደኛዬ። «ግን ተቀይሜህ ነበር። ገንዘቡ ተመልሶልኛል፤ ካንተ የቀረብኝ 'አጥፍቻለሁ' የሚለው ቃል ነው። አሁን ተቀበልኩ። አላህ ይቅር ይበለን፤ እኔም አስይዤ ነበር እኮ።»

እንደገና መስመሩ ላይ

ዐስርን በአቅራቢያው መስጊድ በጀመዓ ሰገድን። ስንመለስ «ዳርቶቹ የት ደረሱ?» አለኝ። ከኪሴ አወጣኋቸው። ሣቀ። ወደ ሱቁ ጓዳ ገብቶ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ ክብ ነገር ይዞ ወጣ። የክበቡ ሰሌዳ! ክበቡ ሲዘጋ አባቴ «ላንተ ይሁን» ብሎ ሰጥቶታል። በሱቁ ደጅ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ቁመቱን በሜትር ለካን፣ መስመሩን በጠመኔ አሠመርን።

ከ18 ዓመት በኋላ መስመሩ ላይ ስቆም ጉልበቴ እንግዳ ሆነብኝ። የመጀመሪያዋ ዳርት ሰሌዳውን ነክታ ወደቀች። ተጫዋች እጁን ከዘረጋ በኋላ ጣቱን ወደ ዒላማው ማቆየት አለበት፤ እኔ ግን እንደ ድንጋይ ወራሪ ቸኩዬ እሰበስበዋለሁ። በሁለተኛው ተራ 20፣ 5 እና 1፤ በድምሩ 26። ጓደኛዬ «አቦ! ሒሳብ መምህር ሆነህ እንዲህ ትቆጥራለህ?» እያለ ቀለደብኝ። ቀስ በቀስ ግን እጄ አስታወሰ። ሥራው ያለው በክንድ ጉልበት ሳይሆን በክርን እርጋታ ላይ መሆኑን፣ ትንፋሽ ሳይያዙ መወርወርን፣ ዳርቷን አጥብቆ አለመጨበጥን እጄ ከእኔ በፊት አስታወሰ።

የሠፈሩ ወጣቶች ተሰበሰቡ። አንደኛው በስልኩ ያየውን ነገረን፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ለንደን ላይ የ17 ዓመት ልጅ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ማግኘቱን። ሌላው ወዲያው ጠየቀ፣ «እናንተስ ስንት አስያዛችሁ?»

እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ባለፉት ዓመታት በከተሞቻችን የኳስ ውርርድ ቤቶች ሲበዙ አይቻለሁ። የምሳ ገንዘቡን አስይዞ ተርቦ ክፍል የሚገባ ተማሪም አጋጥሞኛል። መክሬዋለሁ፤ ምክሬ ግን ከመጽሐፍ ነበር። ለዚህ ልጅ መልስ የሰጠው ጓደኛዬ ነው። «እኛ አንዴ አስይዘን ነበር» አለው። «አሥራ ስምንት ዓመት ከፈልንበት።» ልጁ አልገባውም። ነገር ግን ዝም አለ።

ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲደርስ 32 ቀረኝ። ደብል 16 ለተጫዋች ምቹ ነው፤ ስቶ ነጠላ 16 ላይ ቢሰካ 16 ይቀረዋል፣ ያም ደብል 8 ነው፣ ደግሞ ቢስት ደብል 4፤ በግማሽ በግማሽ ሌላ ዕድል ይሰጣል። ወረወርኩ። ዳርቷ ከቀለበቱ ሽቦ ጋር ተጣብቃ ተሰካች። ከሩቅ የገባች ትመስላለች፤ ልጆቹም «ገባች!» ብለው አጨበጨቡ። ጠጋ ብዬ አየሁ። እጄን ወደኋላ አድርጌ፣ ሳልነካት፣ «ውጪ ናት» አልኩ። ጓደኛዬ ሊያያት አልመጣም። በግድግዳው ላይ 32ን እንዳለ ተወው። በሚቀጥለው ተራ እርሱ ጨርሶ አሸነፈኝ።

የፍየሏ ነገር

ማታ ለእናቴና ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጓደኛዬ ገንዘቡን ካልተቀበለ ዕዳዬ ወደ አባቴ ዞሯል፤ አባቴ ከሌለ ደግሞ ለወራሾቹ ነው፤ መድረሳ ሚራስ ስንማር የቀራነው ነው። እናቴ ብዙ አልቅሳ ስታበቃ፣ «እኛ ምን እናደርገዋለን? የፍየል ዋጋ ነው ካልክ ፍየል ይሁን» አለች። በማግስቱ ፍየል ተገዛች፤ በአባቴ ስም ሰደቃ ሆና ሥጋው ለጎረቤትና ለችግረኛ ተከፋፈለ። የመጀመሪያውን ድርሻ ለጓደኛዬ እናት እኔ ራሴ አደረስኩ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዳርቶቹን ለጓደኛዬ ትቼለት መጣሁ። በሱቁ ደጅ፣ ከሰሌዳው አጠገብ፣ በጠመኔ ሁለት መስመር ጽፏል፤ «ነጥብ ሳይጠራ አይነቀልም። ማስያዝ የለም።» የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሰሌዳው በጆንያ ይሸፈናል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ረመዷን በየዓመቱ ይመጣል፤ ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው ግን ሁልጊዜ አይጠብቀንም። እኔ ጓደኛዬ ዘንድ ደርሻለሁ፣ አባቴ ዘንድ ግን ዘግይቻለሁ። ለእርሱ የቀረኝ ዱዓ ብቻ ነው። በእጃችሁ የሰው ሐቅ ያለባችሁ ካላችሁ፣ መንገዱ ሩቅ ቢመስላችሁም ተነሡ። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ እንደሚሆነው ነው፤ ከወረዱ በኋላ ካፖርቱ ለምን እንደተለበሰ ራሱ ይረሳል።

ወሰላሙ ዓለይኩም።